የቺካጎ ፍሊፐሮች ስም ማወቅ ጀመሩ

ፍሊፐርን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። መስታወት የለበሰ፣ አራት እግር ያለው፣ ዘንበል ያለ ሣጥን ነው። ውስጡ አምፖል ይበራል፣ ደወል ይጮኻል፣ አንዲት የብረት ኳስ ወዲህ ወዲያ ትላጋለች። በ1991 ከአዲስ አበባ ስንመጣ መጀመሪያ ባረፍንበት ሆቴል መግቢያ ላይ አንድ ቆሞ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ ነኝ። አባቴ ቄሱ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ቆም ብለው «ይሄ የሚጮኸው ምንድነው?» አሉኝ። «ጨዋታ ነው አባ» አልኳቸው። ትንሽ አዩና «ማን ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?» አሉ። ፊቱ የቆመው ጎረምሳ ብቻውን ነበር። መልስ አጣሁ።

እውነታቸውን ነው። እኛ የምናውቀው ገበጣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። በከተማ ያየነው ጆተኒም፣ ከረንቡላም እንደዚያው። ብቻውን ቆሞ ከሣጥን ጋር የሚታገል ሰው ለአባቴ ጨዋታ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የመሰላቸው። ይህ ጥያቄያቸው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2023፣ ቺካጎ ላይ ትዝ አለኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላውጋችሁ።

ታላቅ እህቴ እታለም ቅርያት ማላኪ ነው የምትኖረው። የመጨረሻ ልጇ ሠራዊቱን ጨርሶ፣ እንደ ልጆቻችን ሁሉ «ትንሽ ዞር ዞር ልበል» ብሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። ዞር ዞር ያለው ስድስት ዓመት ሆነ። አባቱ ሲያርፉ አልመጣም። ለተዝካሩም አልመጣም። «የመኖሪያ ፈቃዴ አላለቀም፣ ከወጣሁ አያስገቡኝም» አለ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ለእናት ግን ወረቀት መልስ አይሆናትም። በስልክ አንድ ከባድ ቃል ተናገረችው። ከዚያ በኋላ መደወል ተወ።

ልጁ ቺካጎ ውስጥ ሥራው ፍሊፐር መጠገን ነው። ታላቅ እህቱ ደግሞ በፔሌፎኗ ላይ ከእሱ ጋር የተያያዘችበት የፍሊፐር አፕሊኬሽን አላት። እሱ ሲጫወት የሚያገኛቸው ምልክቶች እዚያ ላይ ይወጣሉ። እታለም ይህን ከሰማች ወዲህ በየጠዋቱ ቡናው ሳይፈላ «እስቲ ያንን ነገር ክፈችልኝ» ትላለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን አዲስ ሥዕል የመጣ እንደሆነ ታውቃለች። «ተጫውቷል፣ ደኅና ነው» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። ልጁ እናቱ እንደምታይ አያውቅም።

ልሄድ ስል በር ድረስ ሸኘችኝና «ከቻልክ ይዘኸው ና። ካልቻልክም ማየቴን እንዳትነግረው፤ ካወቀ ይዘጋብኛል» አለችኝ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁ።

ቺካጎ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታርፉበት ኦሄር የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከእሱ በስተምዕራብ፣ አጥሩን ተጠግታ፣ ኤልክ ግሮቭ ቪሌጅ የምትባል ከተማ አለች። ጎብኚ የሚሄድባት አይደለችም። ዝቅ ዝቅ ያሉ የፋብሪካና የመጋዘን ሕንጻዎች ተደርድረው፣ የጭነት መኪና ወጥቶ እየገባ፣ አውሮፕላን ከራሳችሁ በላይ እየጮኸ ያልፋል። የእህቴ ልጅ ከአየር ማረፊያ ተቀብሎኝ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ ወስዶ ያሳየኝ ይችን ነበር። «ጋሼ፣ ሌላው ሰው መጀመሪያ ሐይቁን ነው የሚያሳየው፤ እኔ ግን እንጀራዬ የሚወጣበትን ላሳይህ» አለኝ። ስተርን ፒንቦል የሚባለው ትልቁ ፋብሪካ እዚያ ነው። ጀርሲ ጃክ የሚባለውም ከኒው ጀርሲ ነቅሎ ወደዚችው ከተማ መጥቷል። አሜሪካኖች ፍሊፐሩን «ፒንቦል» ነው የሚሉት፤ ፍሊፐር የሚሉት ኳሷን የሚመቱትን ሁለት ትንንሽ ክንዶች ብቻ ነው። እኛ አገር ክፍሉ የሙሉው ስም ሆኖ ቀርቷል።

ሐይቁንም በኋላ አይቻለሁ። ሚሺጋን ሐይቅ ከጣና ወደ ሃያ እጥፍ ይጠጋል። ባሕር ነው የሚመስለው፤ ጨው ግን የለውም። ዳር ቆሜ ወዲያኛውን ዳርቻ ብፈልግ አጣሁ። ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ኤጅዋተር በሚባለው ሰፈር፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ ገብተን ሽሮ በላን። አስተናጋጇ «ከየት ነህ?» ብላ ከእስራኤል ስላት «አማርኛህ ግን የጎንደር ነው» ብላ ሳቀች።

አሁን ወደ ፍሊፐሩ። ይህ ጨዋታ ከሥሩ የቺካጎ ነው። መነሻው እርግጥ ከዚያ በፊት ነው። በ1871 ሞንታግ ሬድግሬቭ የሚባል ሰው ሲንሲናቲ ላይ ኳሷን በሞላ ወደ ላይ የሚገፋ መሣሪያ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ነገር ግን በ1931 ዴቪድ ጎትሊብ ቺካጎ ላይ «ባፍል ቦል» የሚባለውን ሠርቶ በ17.50 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ነው በየቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የወጣው። ጊዜው የአሜሪካ የሥራ አጥነት ዘመን ነው፤ በአንዲት ሳንቲም የሚገኝ ደስታ ሌላ አልነበረም። ባሊ፣ ዊሊያምስ፣ ጎትሊብ፣ ሁሉም የቺካጎ ፋብሪካዎች ናቸው።

ያኔ ታዲያ ክንዶቹ አልነበሩም። ኳሷን ወደ ላይ ትገፋላችሁ፣ በምስማሮች መሐል እየተንሸራተተች ትወርዳለች፣ አለቀ። ከዕድል ጨዋታ አይለይም። ስለዚህ መንግሥታት ቁማር ነው ብለው ጠሉት። የኒው ዮርኩ ከንቲባ ላጓርዲያ በ1942 ከለከለው፤ በመዶሻ ሲያደቅቀው የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። የሚገርመው ቺካጎ ራሷ፣ ለዓለም የምትሠራው ከተማ፣ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በራሷ ቡና ቤቶች ትከለክል ነበር። ሠራተኛው ቀን ሲገጣጥም የዋለውን ማታ ቢጫወተው ወንጀል ነው ማለት ነው።

ክንዶቹ የመጡት በ1947 ነው፣ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በሚባለው የጎትሊብ ማሽን ላይ። ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ ገባበት። ቢሆንም ሕጉ ሳይነቃ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊ የኒው ዮርክ ምክር ቤት ሰዎች ፊት ማሽን ቀርቦለት፣ «ኳሷ አሁን በመካከለኛው መተላለፊያ ትገባለች» ብሎ አስቀድሞ ተናግሮ ገፋት፤ ገባች። ክልከላው ተነሣ። እኔ አስተማሪ ነኝና ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ፈተናውን ሳይጀምር ውጤቱን የሚናገር ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

በማግስቱ ከልጁ ጋር በሥራ መኪናው ስዞር ዋልኩ። ሥራው እንዲህ ነው። አሠሪው በከተማዋ ውስጥ ባሉ ቡና ቤቶች፣ ፒዛ ቤቶችና ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ማሽኖቹን ያስቀምጣል፤ ገቢውን ከቤቱ ባለቤት ጋር ይካፈላሉ። የእህቴ ልጅ የተሰበረውን ይጠግናል፣ መስታወቱን ይወለውላል፣ ያለቀውን ላስቲክ ይቀይራል። አንዱን ማሽን ከፍቶ አሳየኝ። የመጫወቻውን ሰሌዳ እንደ መኪና ኮፈን ወደ ላይ ሲያነሣው ከሥሩ የሽቦ ዱር ነው። ኳሷ 80 ግራም ገደማ የምትመዝን ብረት ናት። ሰሌዳው የሚዘነበለው ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ያችን ታክል ዘንበል ካላለ ጨዋታው ይሞታል፣ ከበዛም አይያዝም። ጥግ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለች ትንሽ ብረት አየሁ። «ይቺ ምንድናት?» ስለው «ሰው ማሽኑን በኃይል ቢነቀንቅ እሷ ቀለበቱን ትነካለች፣ ጨዋታው ይቆማል» አለኝ። ለካስ ቱንቢ ናት፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚለካባት ቱንቢ! ቀስ ብሎ መግፋት የተፈቀደ ነው፤ ማናወጥ ግን አይቻልም። ለክፍሌ አንዲት ብትሰቀልልኝ ብዬ ተመኘሁ።

የዚህ ልጅ የአባቱ አባት ጎንደር ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ወናፍ ነፍተው፣ ማረሻ ስለው፣ ስድቡንም ችለው ያደሩ ሰው ናቸው። ልጁ በሁለት ጣቱ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ እያቃና ጆሮውን ወደ ማሽኑ ዘንበል ሲያደርግ አያቱን አየኋቸው። አልነገርኩትም፤ ለምን እንዳልነገርኩት አላውቅም።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነውና።

የድሮ ፍሊፐር ማንንም አያውቅም። የ1960ዎቹ ማሽን ነጥቡን የሚቆጥረው በሚሽከረከር ጎማ ነው፤ ሌላ ሰው ሳንቲም ሲያስገባ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤሌክትሮኒክስ ሲገባበት ማስታወስ ጀመረ። ከፍተኛ ነጥብ ካገኛችሁ ሦስት ፊደል አስገቡ ይላችኋል። በቃ፣ ሦስት ፊደል። «ዳ፣ ን፣ ኤ» ብለህ ጽፈህ ትሄዳለህ፤ ሌላ ሰው በልጦህ እስኪያጠፋህ፣ ወይም የማሽኑ ባትሪ ሞቶ ሁሉም እስኪጠፋ ትቆያለህ። ማን እንደሆንክ የሚያውቅ የለም።

ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ሊሞት ደርሶ ነበር። በ1992 የወጣው «አዳምስ ፋሚሊ» የሚባል ማሽን ከ20,000 በላይ ተሸጦ ነበር፤ በ1999 ግን ዊሊያምስ የፍሊፐር ክፍሉን ዘጋ። ልጆች ሁሉ በቤታቸው ቴሌቪዥን ላይ መጫወት ጀምረው ነበርና። በዚያው ዓመት ጋሪ ስተርን የሚባል ሰው የቀረውን ይዞ ስተርን ፒንቦልን አቋቋመ፤ ለብዙ ዓመታትም በብዛት የሚሠራ ሌላ ፋብሪካ አልነበረም። ጋሪ ስተርን አባቱም በዊሊያምስ ኩባንያ ባለድርሻ የነበሩ ናቸው፤ በቤተሰብ የመጣ ሙያ ነው።

ስተርን በ2021 «ኢንሳይደር ኮኔክትድ» የሚባል ሥርዓት አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ በዋይፋይ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል። ማሽኑ ላይ አንዲት ትንሽ ካሜራ አለች። ተጫዋቹ በፔሌፎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ኮድ ያሳያታል፤ ማሽኑም ስሙን ያወጣል። ከዚያ ወዲያ የሚጫወተው ሁሉ ይመዘገባል። ይህን ኢላማ መታህ፣ ያንን ደረጃ አለፍክ እያለ ምልክት ይሰጠዋል። ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ማሽን ላይ ቢቆምም ያው ስሙ ይጠብቀዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ለተሠሩ ማሽኖች የሚጨመር ዕቃ ይሸጣል። ለቀደሙት ኤሌክትሮኒክ ማሽኖች ደግሞ ስኮርቢት የሚባል ሌላ ድርጅት ነጥባቸውን አንብቦ ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽ ሰሌዳ አለው። ኢንተርኔቱ ቢጠፋ ማሽኑ አይቆምም፤ ይጫወታል፣ ስም አይዝም እንጂ።

ይህ ለተጫዋቹ ነው። ለልጃችን ግን ሥራው ነው የተለወጠው። ጠዋት መኪናው ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ እንደ ሐኪም ዝርዝር ያነባል። የትኛው ማሽን ቤት ውስጥ የትኛው መቀበያ መልስ እንደማይሰጥ ይወጣለታል። ድሮ የቤቱ ባለቤት እስኪደውል ይጠበቅ ነበር፤ ባለቤቱም መስታወቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይረሳዋል። የማሽኑን ፕሮግራም ለማደስም ፍላሽ ይዞ ከቤት ቤት መዞር ነበረበት፤ አሁን በኢንተርኔት ይወርድለታል። «ታዲያ ሥራህ ቀለለ» አልኩት። «ግማሽ ሥራዬ የዋይፋይ ሥራ ሆነ» አለ። እውነትም በዚያን ቀን አንድ ምድር ቤት ገብተን፣ ማሽኑ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ የግድግዳው ውፍረት መስመሩን እየቆረጠው ሁለት ሰዓት ፈጀን።

እኔ ስለ እንዲህ ዓይነት ነገር ጥሩ አሳብ የለኝም። በሀፍሳቃ ላይ አርባ ልጅ አርባ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ስለማይ ነው። ደግሞ ይህ ዕቃ ስምህን ይዞ፣ የት እንዳለህና መቼ እንደተጫወትክ ለአንድ ድርጅት ይነግራል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከገባ ልጆቻችሁ ሙሉ ስማቸውን እንዳያስገቡ፣ የቅጽል ስም ይበቃል። ይህን ሁሉ ለልጁም ነገርኩት፤ ሰባኪ ሆኜ። ሳቀና የራሱን ነገረኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የቡና ቤት ባለቤት «ከማሽኑ ገንዘብ ይጎድላል» ብሎ ለአሠሪው አመለከተ። ቁልፉ ያለው በእህቴ ልጅ እጅ ነው። ጥቁር ነው፣ እንግሊዝኛው የባዕድ ነው፣ ወረቀቱም ገና ነው። ማን ይጠረጠራል? ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ አስቀመጡት። በኋላ ማሽኑ በየቀኑ ስንት ጨዋታ እንደተጫወቱበት በኢንተርኔት የላከው ሲታይ፣ ሳንቲሙ የሚጎድለው እሱ ባልነበረባቸው ቀናት ነው። ቁልፉን ቀርጾ የያዘ የቤቱ ሠራተኛ ተገኘ። «ጋሼ፣ ድሮ ሰው ነበር የሚመሰክርብኝ። ያን ቀን ዕቃው መሰከረልኝ» አለ። ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። ወደ ሥራህ ተመለስ አሉት፤ ተመለሰ።

«ለእናትህ ነገርካት?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ልጅሽ ሌባ ተብሎ ነበር ብዬ?»

ዝም ተባባልን። መኪናው የሎጋን ስኩዌርን አደባባይ ይዞር ነበር፤ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ሐውልት አለ፣ ጫፉ ላይ ንስር። አባቴ ልጅ ሆኜ ሰባት ቤት ሲያስቆጥሩኝ ትዝ አሉኝ። የማን ልጅ ማን፣ የማን ልጅ ማን፤ አንድ ስም ከዘለልኩ እንደገና ከመጀመሪያው። በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ መዝገብ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም ብቻ ሲጻፍ የቀሩት የት ሄዱ ብዬ ነበር። ይህ ልጅ ግን አገሩን ለቆ ሦስት ፊደል ሆኖ ነበር የኖረው።

«ብቻህን ነህ» አልኩት።

«ብቻዬን አይደለሁም። ማታ ማታ እጫወታለሁ፣ ጓደኞች አሉ። እህቴም በስልኳ ታየኛለች።»

ቃሌን የበላሁት እዚህ ላይ ነው። ልታገሥ ሞክሬ ነበር። «እህትህ ብቻ አይደለችም የምታይህ» አልኩት። እናቱ በየጠዋቱ ከቡና በፊት እንደምታስከፍት፣ አዲስ ሥዕል ከሌለ ቀኑን ሙሉ እንደምትብሰለሰል፣ ባለፈው ክረምት አሥራ አንድ ቀን ምንም ስላልወጣ በጾም እንዳሳለፈችው፣ ሁሉንም ነገርኩት።

ምንም አልመለሰም። የአሥራ አንዱን ቀን ነገር ብቻ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ያለ ሥራ የተቀመጠበት ሳይሆን በኋላ በብርድ ታሞ የተኛበት ነበር። «ማሽን አጠገብ አልነበርኩም» አለ። ከዚያ እስከ ማታ ስለ ላስቲክና ስለ አምፖል ብቻ ነው ያወራነው። እኔም ምን አደረግሁ ብዬ ሆዴን በላኝ። አፕሊኬሽኑን ከዘጋው እታለም ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?

የመጨረሻ ሥራው አንድ አዲስ ማሽን መትከል ነበር፣ የማታ ጨዋታ በሚደረግበት ቤት። በየሳምንቱ የሚገናኙ ሰዎች አሉ፤ ጠበቃ አለ፣ የአውቶቡስ ሹፌር አለች፣ ልጇን ይዛ የመጣች እናት አለች። በግድግዳው ላይ ያለ ቴሌቪዥን የቤቱን ከፍተኛ ነጥብ ባለቤቶች ስም ያሳያል። ሰዎቹ ልጃችንን በስሙ ይጠሩታል። አጠራሩን ያበላሹታል፣ ግን ይጠሩታል። አንዱ አጠገቤ መጥቶ «አንተ የእሱ ዘመድ ነህ?» ብሎ ጨበጠኝ። ሰው ቆሞ የሌላውን ጨዋታ ያያል፣ ኳሷ ስታመልጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ ያዝናል። አባቴ ኖረው ቢጠይቁኝ ኖሮ ያኔ የምመልሰው ነበረኝ።

ማሽኑን ተክሎ፣ እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ ዋይፋዩን አገናኝቶ ሲጨርስ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። በእኛ አገር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። እታለም ጀበናውን የምታወጣበት ሰዓት።

ስልኩን አወጣና ኮዱን ለካሜራዋ አሳያት። ስሙ ብቅ አለ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደና «ና ጋሼ፣ አንተ ተጫወት» አለኝ።

«እኔ?»

«አንተ። እኔ እዚህኛው ላይ ገና ምንም ምልክት የለኝም። የመጀመሪያውን አንተ አውጣልኝ።»

በሃምሳ ዓመቴ ተሻግሬ የመጀመሪያ ፍሊፐሬን ያዝኩ። የመጀመሪያዋ ኳስ ሳላያት ጠፋች። በሁለተኛዋ ማሽኑን ብነቀንቀው ያቺ ቱንቢ ያዘችኝ፣ ሁሉም ጠፋ፤ የአውቶቡሷ ሹፌር በሳቅ ሞተች። በሦስተኛዋ ግን፣ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ እኔም ስለማላውቀው፣ ኳሷ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገባች፣ መብራቱ ሁሉ ነደደ፣ ሦስት ኳሶች አንድ ላይ ወረዱ። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ «ግራ! ቀኝ! ተው ጋሼ ሁለቱንም አትምታ!» ይላል። ሲያልቅ ማሳያው ላይ አንዲት ትንሽ ሥዕል ወጣች። «አገኘህ» አለኝ።

በማግስቱ ለእታለም ደወልኩ። ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ወረቀቱ ገና መሆኑን፣ እሱም ገና አለመወሰኑን እንዳለ ነገርኳት። አልተቆጣችም።

«ትናንት አዲስ ሥዕል ወጥቶለታል» አለችኝ። «በሌላ ማሽን ነው አለችኝ እህቱ። ከባድ ነው አሉ እሱን ማግኘት።»

«አዎ ከባድ ነው» አልኳት።

«እጁ ከአያቱ ነው፣ ከቀጥቃጩ» አለች።

እኔ ነኝ አላልኳትም።